እየደከመ ካለ ሃርድ ዲስክ ፋይል ማውጣት፦ በሊኑክስ የሄድኩበት መንገድ

ሃርድ ዲስክ መታመም ሲጀምር ብዙዎቻችን የምናደርገው ተመሳሳይ ነው። ነቅለን እንሰካዋለን፣ ፎልደሩ እስኪከፈት እንጠብቃለን፣ የተከፈተልንን እየጎተትን ወደ ሌላ ቦታ ለመገልበጥ እንጣደፋለን፤ መሀል ላይ ሲቆም ደግሞ እንደገና እንጀምራለን። እየደከመ ላለ ዲስክ ከዚህ የባሰ ነገር የለም። ኮፒው ቆመ የምንለው ዲስኩ አንዲት መጥፎ ቦታ ለማንበብ እየታገለ ባለበት ሰዓት ነው፤ ጤነኛው ክፍል ደግሞ ተራውን እየጠበቀ ቁጭ ብሏል። የእኔ ምክር ከዚህ ተቃራኒ ነው፦ ከታመመው ዲስክ ላይ ፋይል አትፈልጉ። መጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ፍለጋው ከቅጂው ላይ ይደረስበታል።

ታናሽ እህቴ ያመጣችልኝ ዲስክ ከላፕቶፕ የወጣ፣ 1 ቴራባይት የሚይዝ፣ የሚሽከረከረው ዓይነት ነበር። ዊንዶውስ ላይ ስትሰካው «ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት አድርገው» ይላታል። ውስጡ የልጆቿ ፎቶ ሁሉ አለ፣ የመመረቂያ ጽሑፏ አለ፣ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ የለም። «እሺ ልበለው እንዴ?» ስትለኝ «ኧረ እንዳትነኪው!» አልኳት። ዊንዶውስ እንዲህ የሚለው የፋይል ሲስተሙን፣ ማለትም ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ የተደራጁበትን ሥርዓት፣ መነሻ ማንበብ ሲያቅተው ነው እንጂ ዲስኩ ባዶ ሆኖ አይደለም።

ማንኛውንም ትዕዛዝ ከመጻፌ በፊት ጆሮዬን አስጠጋሁ። ዲስኩ ተነስቶ በእኩል ድምፅ የሚሽከረከር ከሆነ በሶፍትዌር የሚሠራ ሥራ አለ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ደጋግሞ የሚመታ ከሆነ፣ የሚፋጭ ድምፅ ካለው ወይም ጭራሽ ካልዞረ ግን ሊኑክስም ሆነ ሌላ ሶፍትዌር አይደርስለትም። ያ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የማንበቢያ ጭንቅላቱ ቦታውን ማግኘት እንዳቃተው ነው የሚናገረው፤ በየደቂቃው የዲስኩን ገጽ ሊፍቅ ይችላል። እንዲህ ከሆነና ውስጡ ያለው ነገር ውድ ከሆነ ወዲያው ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ ንጹሕ ክፍል ላለው ባለሙያ መስጠት ነው። ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት የሚሉትን ምክር ተዉት፤ ከቅዝቃዜ ሲወጣ ውስጡ የሚቋጠረው እርጥበት የቀረውንም ይዞ ይሄዳል። የእህቴ ዲስክ ድምፁ ጤነኛ ነበር፤ ሲከፈት ግን ይንቀራፈፋል።

የትዕዛዞቹን ስም በአጠራራቸው እጽፋለሁ፤ የታመመ ዲስክ የሚገለብጠውን ዋናውን መሣሪያችንን ዲዲሬስኪው ስል ሁለት ዲና ሬስኪው ተያይዘው ማለቴ ነው። ሌላውንም በዚሁ ተረዱት።

መጀመሪያ ያየሁት የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ የሚጽፈውን መልእክት ነው። ዲሜሴጅ የሚለውን ትዕዛዝ ሲጽፉ ዲስኩ ከተሰካበት ሰዓት ጀምሮ የሆነው ሁሉ ይዘረዘራል። የእኔ ስክሪን ላይ «አይ ኦ ኤረር» (የማንበብና የመጻፍ ስህተት) የሚል መስመር ከሴክተር ቁጥር ጋር እየደጋገመ ነበር፤ ሴክተር ዲስኩ የሚከፋፈልበት ትንሹ ቁራጭ ነው። ቁጥሮቹ የተቀራረቡ መሆናቸው አንድ ነገር ይነግራል፦ ጉዳቱ በሙሉ ዲስኩ ላይ አልተበተነም። ቀጥሎ ስማርትሲቲኤል በሚባለው መሣሪያ ዲስኩ ስለራሱ የሚይዘውን መዝገብ አነበብኩ። በዩኤስቢ ማገናኛ በኩል አላነብም ካላችሁ «ሰረዝ ዲ ሳት» የሚለውን አማራጭ ጨምሩበት። ከዝርዝሩ የማያቸው 4 መስመሮች ብቻ ናቸው። ቁጥር 5 ዲስኩ ራሱ አግልሎ በመጠባበቂያ የተካቸው ሴክተሮች ብዛት ነው። 197 ማንበብ ያቃቱትና ውሳኔ የሚጠብቁት ነው። 198 በፍተሻ ጊዜ ሊነበቡ ያልቻሉት ነው። 199 ደግሞ በኬብሉ ላይ በመተላለፍ ላይ ሳለ የተበላሸ መረጃ ነው፤ ሌሎቹ ዜሮ ሆነው ይህ ብቻ ከፍ ካለ ዲስኩን ከመወንጀላችሁ በፊት ኬብሉን ቀይሩ። የእህቴ ዲስክ 197 ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ነበረው። በዚያው ገጽ አናት ላይ ግን አጠቃላይ ውጤቱ «ፓስድ» (አልፏል) ይላል! በዚያ ቃል አትታለሉ፤ ያ ውጤት አምራቹ ያስቀመጠው ወሰን መታለፍ አለመታለፉን ብቻ ነው የሚናገረው። ረጅሙን የራስ ፍተሻም አታስጀምሩ፤ ለመገልበጥ የሚበቃውን ጉልበት በምርመራ መጨረስ ነው።

ዝግጅቱ ላይ ሳልቸኩል ነው የሠራሁት። ለእንዲህ ያለ የማዳን ሥራ የተዘጋጀውን ሊኑክስ፣ ሲስተምሬስኪውን፣ በፍላሽ አስነሳሁ፤ ዲዲሬስኪው፣ ቴስትዲስክና ስማርትሲቲኤል አብረውት ይመጣሉ፣ የተሰካ ዲስክንም በራሱ ፈቃድ ማውንት አያደርግም፣ ማለትም ፋይሎቹን ከፍቶ አያቀርብም። ይህ ሁለተኛው ነገር ትልቅ ነው። የተለመዱት የዴስክቶፕ ሊኑክሶች ዲስክ ሲሰካ ወዲያው ከፍተው የፎቶዎቹን ትናንሽ ምስሎች መሥራት ይጀምራሉ፤ ለታመመ ዲስክ ይህ ሸክም ነው። እነሱን የምትጠቀሙ ከሆነ አውቶማውንቱን አጥፉ። ከዚህም በላይ «ለማንበብ ብቻ» ብላችሁ ማውንት ብታደርጉት እንኳ ኤክስት 4 የሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ያልተጠናቀቀ ጆርናሉን (የለውጦች መዝገቡን) ዲስኩ ላይ ሊጽፍ ይሞክራል፤ «ኖሎድ» የሚለው አማራጭ የተሠራው ለዚህ ነው። ዊንዶውስ ላይ ቼክዲስክ፣ ሊኑክስ ላይ ኤፍኤስሲኬ የሚባሉት ጠጋኞች ደግሞ ዋናው ዲስክ አጠገብ አይድረሱ። እነሱ የሚያስተካክሉት የፋይል ሲስተሙን ሥርዓት ነው፤ ሥርዓት ለማስያዝ ሲሉ የናንተን ፋይል ቢቆርጡት ግድ የላቸውም።

መድረሻው ከምንጩ የበለጠ ነፃ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ እኔ 2 ቴራባይት ተጠቀምኩ። ፎርማቱ ፋት 32 ከሆነ አይሆንም፤ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ የኛ ኢሜጅ፣ ማለትም የሙሉው ዲስክ ቅጂ፣ ደግሞ 1 ቴራባይት የሚሞላ አንድ ፋይል ነው። ዲስኩን ከተቻለ ከዩኤስቢ ማገናኛው አውጥታችሁ በቀጥታ ሳታ ገመድ ላይ አስገቡት። ማገናኛዎቹ ስህተት ሲደራረብባቸው ተንጠልጥለው ይቀራሉ፣ ወይም ዲስኩን ጥለው በሌላ ስም ያነሱታል። ልብ በሉ ግን፤ አንዳንድ ውጫዊ ዲስኮች መረጃውን በማገናኛው ቺፕ ላይ ይመሰጥራሉ፤ እነሱን ከቤታቸው ብታወጧቸው የምታዩት የማይገባ ነገር ብቻ ነው።

የቱ ዲስክ የቱ እንደሆነ በኤልኤስቢኤልኬ አየሁ፤ ስም፣ መጠን፣ ሞዴልና መለያ ቁጥር እንዲያሳየኝ አድርጌ። ኤስዲኤ እና ኤስዲቢ የሚሉት ስሞች በየማስነሻው ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ የምጽፈው «ዴቭ፣ ዲስክ፣ ባይ አይዲ» ከሚለው ፎልደር ውስጥ መለያ ቁጥሩን የያዘውን ረጅሙን ስም ነው። ሲጻፍ አሰልቺ ነው፤ ታብ የምትባለዋ ቁልፍ ግን ራሷ ትጨርስልናለች።

አሁን ዋናው ሥራ። የጂኤንዩ ዲዲሬስኪውን የጻፈው አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ ነው፤ ከተራው ዲዲ የሚለየው አስተሳሰቡ ላይ ነው። ዲዲ ስህተት ሲገጥመው ይቆማል፤ «ቀጥል» ብትሉትም እንኳ መጥፎውን ቦታ በተራው መጋፈጡ አይቀርም። ዲዲሬስኪው ግን መጥፎ ቦታ ሲነካ ዘልሎ ይሄዳል፣ ዘለላውንም እያሰፋ ጤነኛውን በሙሉ አስቀድሞ ይሰበስባል። ከዚያ ይመለስና የዘለለውን ከዳርና ከዳር እየከረከመ ጥፋቱ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ይለያል። ከዚያ በመካከል የቀረውን ሴክተር በሴክተር ይፍቃል። የማይነበበውን ደጋግሞ መሞከር የመጨረሻው ነው፣ ያውም ካዘዛችሁት ብቻ። በዴቢያንና በኡቡንቱ ጥቅሉ የሚገኘው ከፊቱ ጂ ተጨምሮበት ጂዲዲሬስኪው በሚል ስም ነው፤ ትዕዛዙ ግን ያለ ጂ ነው የሚጻፈው።

ትዕዛዙ ሦስት ነገር ይፈልጋል፣ ቅደም ተከተሉም አይዛነፍም፦ ምንጩ፣ ኢሜጁ የሚቀመጥበት ፋይል፣ የማፕ ፋይሉ። ለመጀመሪያው ዙር «ሰረዝ ዲ» እና «ሰረዝ ኤን» ጨመርኩ፤ ዲ የከርነሉን ጊዜያዊ ማከማቻ ሳይጠቀም በቀጥታ ከዲስኩ እንዲያነብ፣ ኤን ደግሞ ፍቂያውን ለጊዜው እንዲተወው ነው። ከዲስክ ወደ ዲስክ ሳይሆን ወደ ፋይል መገልበጥ አንድ ደህንነት አለው፦ ዲዲሬስኪው «ሰረዝ ኤፍ» ካልተጻፈለት ዲስክ ላይ አይጽፍም። ስለዚህ ምንጭና መድረሻን ገልብጣችሁ ብትጽፉ እንቢ ይላል። ኤፍን ያለ ምክንያት አታስገቡ።

የማፕ ፋይሉ ነገር ትንሽ ይቆየኝ፤ ብዙ ሰው የሚያጣው እሱን ነው። ይህ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል የትኛው ክፍል እንደተነበበ፣ የትኛው እንዳልተሞከረ መዝግቦ ይይዛል። ተነበበ ማለት የመደመር ምልክት ነው፣ ያልተሞከረ የጥያቄ ምልክት፣ የሞተ ሴክተር ደግሞ ሰረዝ። መብራት ቢጠፋ፣ ዲስኩ ቢግል፣ ገመዱ ቢነቀል፣ ያንኑ ትዕዛዝ ደግማችሁ ስትጽፉ ካቆመበት ይቀጥላል። ነገር ግን ከፍላሽ በተነሳ ሊኑክስ ላይ የራሳችሁ ፎልደር የሚቀመጠው ሚሞሪ ውስጥ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ማፑን ከኢሜጁ ጎን፣ መድረሻው ዲስክ ላይ አስቀምጡት።

ማምሻውን አስጀምሬው ስክሪኑን ሳይ ቆየሁ። በሰከንድ 80 እና 90 ሜጋባይት እያለ ይሮጣል፤ በዚህ ፍጥነት 1 ቴራባይት ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ከዚያ በድንገት ፍጥነቱ ወረደ፣ ዜሮ ገባ፤ «ከመጨረሻው የተሳካ ንባብ ወዲህ» የሚለው ሰዓት መቁጠር ጀመረ። የስህተቱ ቁጥር በአንድ ጨመረ፣ የንባቡ ቦታ ወደ ፊት ዘለለ፣ ፍጥነቱም ተመለሰ። እየደጋገመ እንዲህ ነው። ሰው የሚረበሸው በዜሮዋ ሰዓት ነው፤ ፕሮግራሙ የቆመ ይመስላል፣ እጅ ወደ መንቀያው ይሄዳል። ተዉት፤ ዲስኩ ራሱ እየታገለ ነው። ይልቅ እጃችሁን ዲስኩ ላይ አሳርፉ፤ ካቃጠለ በኮንትሮልና በሲ አቁሙት፣ ቬንትሌተር አዙሩበት፣ ሲበርድ ቀጥሉ።

ጠዋት ስነሳ ከዲስኩ ከ99 ከመቶ በላይ ኢሜጁ ውስጥ ገብቷል። ሁለተኛውን ዙር ያለ «ኤን»፣ በ«ሰረዝ አር 3» አስኬድኩት፤ ይህ ያልተነበበውን ሦስት ጊዜ ይሞክራል። በትልቁ አር ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት እንዲያነብ አዘዝኩት፤ ከፊት ሲመጡበት እንቢ ያለ ቦታ ከኋላ ሲመጡበት የሚነበብበት ጊዜ አለ። ጥቂት ሜጋባይት ተጨመረ። እዚህ ላይ ነው ማቆም ያለባችሁ የሚመስለኝ። ፐርሰንቷ 100 እስክትሞላ ለሳምንት የሚያስኬዱ ሰዎች አሉ፤ የቀረው ምን እንደሆነ ሳያውቁ።

የታመመውን ዲስክ ነቅዬ አስቀመጥኩት። ከዚህ በኋላ ያለው በሙሉ ቅጂው ላይ ነው፤ ቢበላሽም ዓለም አይጠፋም። ሎሴትአፕ በሚባለው ትዕዛዝ፣ በ«ሰረዝ አር» እና በትልቁ ፒ፣ ኢሜጁ እንደ ዲስክ ይቀርባል፤ አር እንዳይጻፍበት፣ ፒ ውስጡ ያሉት ፓርቲሽኖች (የዲስኩ ክፍልፋዮች) ለየብቻ እንዲታዩ ነው። ከዚያ ለማንበብ ብቻ ብዬ ማውንት አደረግሁት። ፎልደሮቹ ከነስማቸው ብቅ አሉ።

ፍለጋው ላይ ፋይንድ የሚባለው ትዕዛዝ ይበቃል፦ በስም፣ በመጠን፣ በተቀየረበት ቀን። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ለምትፈልጉ ግን ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ዴስክቶፕ የሌለበት ጥቁሩ ስክሪን የግዕዝ ፊደል ማሳየት አይችልም፤ ስሙ በሳጥን ተተክቶ ብታዩት ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ሁላችንም አንድ ዓይነት አንጽፍም። እኔ «ጽሑፍ» ብዬ ስፈልግ አላገኘሁም፤ እህቴ ፋይሏን «ፅሁፍ» ብላ ነው የሰየመችው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ድምፅ አይሰማም፣ ለሱ ጸ እና ፀ እንደ በ እና ተ የተለያዩ ናቸው። መፍትሔው ተመሳሳዮቹን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አብሮ መስጠት ነው፦ ጽና ፅ በአንድ ቅንፍ፣ ሑ፣ ሁና ኁ በሌላ። በሰና ሠ፣ በአና ዐም እንዲሁ አድርጉ።

አሁን የቀረው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ያልተነበቡት ሴክተሮች የማን ናቸው? ፋይሉ ስሙም መጠኑም ትክክል ሆኖ መሀሉ ዜሮ የሞላበት ሊሆን ይችላል፤ ከዓመት በኋላ ሲከፈት ነው የሚታወቀው። ለዚህ ዲዲሬስኪው መሙያ የሚሉት ዘዴ አለው፤ በእኔ እምነት ከሁሉም ችሎታው ይህ ይበልጣል። ኢሜጁን ከማውንቱና ከሎሴትአፑ ፈትቼ፣ በሌላ በምንም ፋይል ውስጥ የማይገኝ አንድ ሐረግ በትንሽ የጽሑፍ ፋይል ጻፍኩ። ከዚያ «ፊል ሞድ» ከሚለው አማራጭ አጠገብ የሰረዝ ምልክቷን ሰጥቼ፣ ትንሹን ፋይል በምንጭ ቦታ፣ ኢሜጁን በመድረሻ ቦታ፣ ማፑን በመጨረሻ አስገባሁ። ዲዲሬስኪው ማፑ ላይ ሰረዝ ያለባቸውን ቦታዎች እየለየ በዚያ ሐረግ ሞላቸው። እንደገና ለማንበብ ብቻ ማውንት አድርጌ፣ ሐረጉን የያዙ ፋይሎችን ግሬፕ የሚባለው የጽሑፍ መፈለጊያ ትዕዛዝ ስም በስም እንዲዘረዝር አዘዝኩ። የተጎዳው ሁሉ በግልጽ ወጣ፦ አብዛኛው የዊንዶውስ የራሱ ፋይል፣ ጥቂት ቪዲዮዎች፣ ከፎቶዎቹ የተወሰኑ፣ እና ያ የመመረቂያ ጽሑፍ። ሁሉም ዙር ሳያልቅ ያቆማችሁ ከሆነ የሰረዟን ብቻ ሳይሆን የጥያቄ ምልክቱን፣ የኮከቡንና የዘንበል ያለችውን መስመር (/) ምልክትም አብራችሁ ስጡት፤ ያልተነኩትና ያልተፈቀቁትም ባዶ ናቸውና። ዝርዝሩን ከያዛችሁ በኋላ በዚያው መንገድ በዜሮ መልሳችሁ መሙላት ትችላላችሁ።

የመመረቂያ ጽሑፉ በዎርድ የተጻፈ ዶክኤክስ ነበር። ዶክኤክስ በውስጡ ዚፕ ነው፤ ጽሑፉ በአንድ ኤክስኤምኤል ፋይል ውስጥ፣ ሥዕሎቹ ሚዲያ በሚባል ፎልደር ውስጥ ለየብቻ ተቀምጠዋል። ዎርድ «ተበላሽቷል» ብሎ የተወውን ፋይል በዚፕ መክፈቻ ስፈታው የተመታው ከሥዕሎቹ አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጽሑፉ ከነግርጌ ማስታወሻው ሙሉ ነበር። ዚፑ ራሱ አልፈታ ካለ «ሰረዝ ኤፍኤፍ» የሚለው የዚፕ አማራጭ የሚገኘውን ያህል ይጠግናል።

አንድ የፎቶ ፎልደር ግን ባዶ ሆኖ ነው የወጣው። እንደማየው ከሆነ ከተመቱት ሴክተሮች አንዳንዶቹ ያረፉት የፋይሎቹ ስምና አድራሻ በሚመዘገብበት ሠንጠረዥ ላይ ነው፤ ማውጫው የተቀደደ መጽሐፍ ማለት ነው፣ ገጾቹ ግን አሉ። ለዚህ የሚያገለግለው የክሪስቶፍ ግሬኒዬ ፎቶሬክ ነው። ፎቶሬክ የፋይል ሲስተሙን ትቶ የፋይሎችን መነሻ ፊርማ ይፈልጋል፤ ጄፔግ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ባይቶች ይጀምራል፣ ፒዲኤፍም እንዲሁ። ዋጋው የስም መጥፋት ነው፦ የሚያወጣቸው በቁጥር የተሰየሙ፣ በየፎልደሩ እስከ 500 የሚደርሱ ፋይሎች ናቸው። የፋይል ዓይነቶቹን አስቀድማችሁ አጥብቡ፣ አለዚያ የድረ ገጽ አይኮን በሺህ ሲቆጠር ትውላላችሁ። ዶክኤክስ የምትፈልጉ ዚፕ የሚለውን ምረጡ። ፎቶዎቹን ካሜራው በውስጣቸው የጻፈውን ቀን በሚያነበው ኤክሲፍቱል በዓመትና በወር ደርድሬ ሰጠኋት። ችግራችሁ የአንድ ፎልደር ሳይሆን የሙሉው ፓርቲሽን መጥፋት ከሆነ ግን የዚያው ሰው ቴስትዲስክ ይቅደም፤ ፋይሎቹን ከነስማቸው አሳይቶ ምንም ሳይጽፍ ሊገለብጥ ይችላል።

ኢሜጁን በጥሬው በግሬፕ ለመፈለግ የምታስቡ ካላችሁ፣ ለተራ የጽሑፍ ፋይል ይሠራል፤ በ«ሰረዝ ኤ» ጽሑፍ ነው ብሎ እንዲያነበው አድርጉ። ለዶክኤክስ አይሠራም፣ ውስጡ የታመቀ ነውና። የኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም) ፋይል ስሞችም በዚህ መንገድ አይገኙም፤ ስሙ የተቀመጠው ዩቲኤፍ 16 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ኮድ ነው፣ የናንተ ተርሚናል የሚፈልገው ደግሞ በሌላው ኮድ፣ በዩቲኤፍ 8።

እህቴ ፋይሎቿን አይታ ከጨረሰች በኋላ «ፎርማት ካደረግሁት ይሠራል አይደል?» አለችኝ። እውነትም ሲፎረማት ደህና ሊመስል ይችላል። ዲስክ የማይነበብ ሴክተር ላይ አዲስ ነገር ሲጻፍበት ወይ ቦታውን መልሶ ይቀበለዋል፣ ወይ በመጠባበቂያ ይተካዋል፤ በሁለቱም 197 ላይ ያለው ቁጥር ይወርዳል። ዜሮ ሆኖ ብታዩት ዳነ ማለት አይደለም፤ ቁጥር 5 አብሮ ማደጉን ተመልከቱ። የሷን በወረቀት ላይ «የማይታመን» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩበት፤ ኢሜጁንና ማፑን ደግሞ የጎደለ ነገር ቢታወሳት ብዬ አስቀምጫቸዋለሁ።